አዲሱ የካት ላብ ማሽን፦ ጨረሩን ቀነሰ ወይስ አልቀነሰም?

ካት ላባችን (የልብ ደም ሥር በራጅ እየታየ የሚታከምበት ክፍል) አዲሱ ማሽን ከገባ ስድስት ወር ሆነው። የራጅ ባለሙያ ነኝ፣ ቀኑን ሙሉ የምውለው እዚያው ክፍል ውስጥ ነው። ስለዚህ ሻጮቹ የነገሩንን ትቼ ያየሁትን ልንገራችሁ። የአምራቹን ስም ግን አልጠራም።

መጀመሪያ ጥሩ ጥሩውን። ምስሉ ግሩም ነው። በሴኮንድ 7.5 የጨረር ምት ብቻ እየሰጠ እንኳ ወደ ደም ሥሩ የምትገባው የቀጭኗ ሽቦ ጫፍ ቁልጭ ብላ ትታያለች። በድሮው ማሽን ከ15 ዝቅ ሳደርገው ምስሉ ይዘላል፣ ሐኪሞቹም ወዲያው «መልስልኝ!» ይሉኝ ነበር። ማሽኑ በየምቱ የሚሰጠውን መጠን ካልጨመረ በስተቀር፣ ምቱ በግማሽ ሲወርድ የታካሚው ጨረርም በግማሽ ይወርዳል። ቀላል ነገር አይደለም።

ሌላው የወደድኩት ፍሎሮውን (ሥራው ሲካሄድ በቀጥታ የሚታየውን የራጅ ምስል) ማስቀመጥ መቻሉ ነው። ድሮ የጠበበውን ደም ሥር የሚያሰፋው ባሉን ሲነፋ ለማስረጃ ብለን ሲኔ (ጥራቱ ከፍ ያለ የራጅ ፊልም) እንቀዳ ነበር፣ ሲኔ ደግሞ ከፍሎሮ አሥር እጥፍ ገደማ ጨረር ይበላል። አሁን ያየነውን ፍሎሮ አስቀምጠን እናልፋለን። እግር ከፔዳሉ ሲነሳም የመጨረሻው ምስል ስክሪኑ ላይ ይቀራል፣ ጨረሩ የሚያርፍበትን ቦታ የሚወስኑትን መከለያዎችም በዚያ በቆመው ምስል ላይ ያለ አንዲት ጠብታ ጨረር ማጥበብ ይቻላል።

አሁን ወደ ብሶቴ። ከፋብሪካ የመጣው 15 ላይ ተደርጎ ነው፣ እኔ 7.5 ላይ ባደርገውም አዲስ ታካሚ በተመዘገበ ቁጥር ተመልሶ 15 ይሆን ነበር። ጠዋት በጥድፊያ ስንጀምር ማን ያስታውሳል? የጨረሩ ቁጥር ደግሞ ጥግ ላይ በጉንዳን ፊደል ተጽፏል። ይሄ ያናድዳል፣ ምክንያቱም ዋናው ነገር እሱ ነው። 2 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) አካባቢ ቆዳ መቅላት ሊጀምር ይችላል፣ 5 ግሬይ ከደረሰ ታካሚው ተነግሮት ክትትል ሊደረግለት ይገባል። ከባድ ጉዳት የሚወጣው ከሳምንታት በኋላ ስለሆነ ሰውየው ጀርባው ላይ ያለውን ቁስል ከልብ ሕክምናው ጋር ላያያይዘው ይችላል።

ማሽኑ የማይሠራላችሁ ነገርም አለ። ባለፈው ረጅም የስቴንት (ደም ሥሩን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ቱቦ) ሥራ ላይ ነበርን፣ ቀና ብዬ ሳይ ዲቴክተሩ (ጨረሩን ተቀብሎ ምስል የሚያደርገው ክፍል) ከታካሚው ደረት አንድ ስንዝር ተኩል ከፍ ብሎ ቀርቷል። «ዶክተር፣ ላውርደው?» አልኩ፣ «አውርደው» አሉኝ። ወደ ደረቱ ሳስጠጋው በደቂቃ የሚቆጥረው የጨረር ቁጥር ዓይኔ እያየ ወረደ። ጠረጴዛውንም ጨረሩ ከሚወጣበት ከታች ካለው ቱቦ ትንሽ ከፍ ማድረግ፣ የጨረሩን አንግል አልፎ አልፎ መቀየር፣ እያወሩ ፔዳል አለመርገጥ፣ ይሄ ሁሉ የሰው ሥራ ነው። ፍሎሮው በበራ በየአምስት ደቂቃው የሚሰማው ማስጠንቀቂያማ ሲጮህ ሳያዩት የሚያጠፉት ነገር ሆኗል።

ልግዛ ወይ ለምትሉኝ፣ ግዙ። ግን ርክክቡን ከመፈረማችሁ በፊት መነሻው 7.5 እንዲሆን አስደርጉ። እኛ ሦስት ጊዜ ደብዳቤ ጽፈን ነው ኢንጂነሩ የመጣው፣ ሥራው ራሱ ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። ፊደሏን ማተለቅ ግን አይቻልም አለን። እኔም በቀይ ወረቀት ቀስት ቆርጬ ስክሪኑ ጠርዝ ላይ፣ ወደ ቁጥሯ አዙሬ ለጠፍኩት።