ፒዲጂ ለዲኬይ (ለፓርቲክል መፍረስ) መረጃ፦ እኩያ የለውም፣ አማካዩን ግን ከፍታችሁ እዩት

ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲም ሆነ ሐሮማያ የፓርቲክል ፊዚክስ ፕሮጀክት የያዘ ተማሪ ዞሮ ዞሮ ቁጥር የሚያወጣው የፓርቲክሎችን ልኬቶች አሰባስቦ ከሚያትመው ዓለም አቀፍ ቡድን፣ ከፓርቲክል ዳታ ግሩፕ (በአጭሩ ፒዲጂ) ነው። አገልግሎቱ ነጻ ነው፤ እንደ ካታሎግም እንከን አናወጣለትም። ቅር የሚያሰኘው ደምቆ የሚታየው የልኬቶች አማካይ ብዙ ነገር ሸፍኖ መቀመጡ ነው።

ሙሉውን መጽሐፍ አታውርዱ፤ ከ2000 ገጽ በላይ ስለሆነ ኔትወርክ ሲቆራረጥ መሃል ላይ ይቀራል። የገለልተኛውን ፓዮን (ኤሌክትሪክ ቻርጅ የሌለው ቀላል ፓርቲክል) ዝርዝር ለብቻው በፒዲኤፍ መውሰድ ይቻላል። ፓይተን የሚችል ደግሞ «ፒፕ ኢንስቶል ፒዲጂ» ይበል፤ ዳታቤዙ አብሮ ስለሚወርድ ከዚያ ወዲያ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ኮፒ ቤት ስታሳትሙ ግን ሁለት ገጽ በአንድ ወረቀት አታስደርጉ። የግርጌ ማስታወሻው ፊደል ደቅቆ አይነበብም፣ ዋናው ጉዳይ ያለው ደግሞ እዚያ ነው።

ለምሳሌ ይህንኑ ፓዮን እንውሰድ። 98.8 በመቶው ወደ ሁለት ፎቶን ይፈርሳል፤ 1.17 በመቶ ገደማ ግን በአንዱ ፎቶን ፋንታ ኤሌክትሮንና ፖዚትሮን ይወጣሉ፣ የዳሊትዝ ዲኬይ የሚባለው ነው። የጥንዱን ማስ ለፓዮኑ ማስ አካፍላችሁ ውጤቱን በራሱ ስታባዙት ኤክስን ታገኛላችሁ። ፎርም ፋክተሩ፣ ማለትም ፓዮኑ ነጥብ አለመሆኑ ዲኬዩን ምን ያህል እንደሚለውጠው የሚናገረው ቁጥር፣ በግርድፉ 1 + ኤ × ኤክስ ነው፤ ስለ ፓዮኑ ኤሌክትሮማግኔቲክ መዋቅር የምንፈልገው «ኤ»ን ነው።

ኤ ደግሞ 0.03 ገደማ ነው። የዲኬዩ ብዛት የሚከተለው የፎርም ፋክተሩን ካሬ ስለሆነ፣ ኤክስ 0.5 ሲደርስ እንኳ ኤ ብዛቱን ከፍ የሚያደርገው በ3 በመቶ ብቻ ነው፤ እዚያ አካባቢ ደግሞ ዲኬዩ ራሱ እየሳሳ ይሄዳል። የራዲዬቲቭ ኮሬክሽን (ተጨማሪ ፎቶኖች የሚያስከትሉት እርማት) ተጽዕኖ ከዚህ ስለማያንስ እሱን በወጉ ያላካተተ ትንተና የ«ኤ»ን ምልክት (ፕላስ ወይም ማይነስ) ሳይቀር ሊገለብጥ ይችላል። ዝርዝሩ ላይ ያሉት የ1961 ልኬቶች −0.15 እና −0.24 ናቸው፣ ስህተታቸውም ሰፊ ነው።

አሁን ወደ አማካዩ። ክብደት ያላቸው የሦስት ሙከራዎች ልኬቶች ናቸው፦ ሴሎ በ1991 0.0326 (ስህተቱ ተጠቃሎ 0.0037)፣ ኤንኤ62 በ2017 0.0368 (0.0057)፣ ኤ2 በማይንዝ በዚያው ዓመት 0.030 (0.010)። እያንዳንዱን በስህተቱ ካሬ ግልባጭ መዝኑትና አማካዩን አውጡ፤ 0.0335 ይወጣል። ከክብደቱ 64 በመቶ የሴሎ ነው፤ ሴሎ ደግሞ ዲኬይ አልለካም! በኤሌክትሮንና ፖዚትሮን ግጭት፣ ከዲኬዩ በተለየ የሞመንተም ዝውውር ክልል ለክቶ፣ በሞዴል ወደ ዜሮ የሳበው ነው። ኤንኤ62 ግን ከአንድ ሚሊዮን በላይ የዳሊትዝ ዲኬዮችን ተንትኗል። ሁለቱን የዲኬይ ልኬቶች ብቻ ካማከላችሁ 0.035 ± 0.005 ታገኛላችሁ። ተቃርኖ የለም፤ ስህተቱ ግን ሰፍቷል፣ ለዲኬይ ሪፖርት መጻፍ ያለበትም ይኸኛው ነው።

ሌላው አድካሚ ነገር አቀራረቡ ወጥ አለመሆኑ ነው። ለፓዮን «ኤ»ን ይሰጣችኋል፣ ለኤታ (ከፓዮን የከበደ ሌላ ገለልተኛ ፓርቲክል) ግን ላምዳ የተባለ የማስ መጠን በጂኢቪ (የፓርቲክል ማስ መለኪያ)፦ 0.716። ሳታመሳስሉ ጎን ለጎን ብታስቀምጧቸው ትርጉም የለውም። የፓርቲክሉን ማስ ለላምዳ አካፍሉና በራሱ አባዙ። ለኤታ 0.585 ይመጣል፣ የፓዮኑን አሥራ ሰባት እጥፍ። ኮምፒውተር ላይ ትንተና መለማመድ የሚፈልግ ተማሪ በኤታ ቢጀምር ይሻለዋል፤ ጭማሪው በዓይን ይታያል።