ቤት ያለውን ኮምፒውተር ከሩቅ ለመክፈት የቱን እንምረጥ?

ቤቴ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ሥራ ግን በሳምንት ሁለት ቀን ሐረር ያውለኛል። የሒሳብ ፕሮግራሙ ፒችትሪ ያለው ደግሞ ቤት ዴስክቶፑ ላይ ነው። አንድ ቀን ለአንዲት ደረሰኝ ብዬ የደንገጎን ጠመዝማዛ ወርጄ ተመለስኩ። ያን ዕለት በቃኝ ብዬ ሦስት መንገድ ሞከርኩ።

ዊንዶውስ ራሱ ይዞት የሚመጣው ሪሞት ዴስክቶፕ ለሥራ ወደር የለውም። ጽሑፉ ጥርት ይላል፤ ፋይል ኮፒ አድርጎ ወደዚህ ማምጣትም ቀላል ነው። ግን ቤት ያለው ማሽን ዊንዶውስ ፕሮ መሆን አለበት። ሆም የሚባለው የዊንዶውስ ዓይነት ወደ ሌላ ኮምፒውተር ይገባል እንጂ ሌላውን አያስገባም። ኮምፒውተር ልትገዙ ከሆነ ዋጋ ከመከራከራችሁ በፊት ይህን አጣሩ።

«ራውተሩ ላይ ፖርት 3389 (ሪሞት ዴስክቶፕ የሚገባበትን በር) ክፈት፣ አለቀ» የሚል ጎረምሳ አይጠፋም። አቦ ተዉት! ያንን በር ክፍት አድርጎ መተው ሌባ መጥራት ነው። በ2019 ይፋ የሆነው ብሉኪፕ የተባለ ቀዳዳ ያልታደሰ ዊንዶውስ 7ን ያለ ፓስወርድ የሚያስከፍት ነበር። ደግሞ ብትከፍቱትም ላይሠራ ይችላል። ራውተሩ ላይ የሚታየው የውጭ አድራሻ ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ከጀመረ፣ አድራሻውን ከሌሎች ደንበኞች ጋር ትጋራላችሁ ማለት ነው። ከውጭ የመጣው ቤታችሁን አያገኘውም። እኔ ቴይልስኬል የተባለውን ፕሮግራም ሁለቱም ማሽኖች ላይ ጫንኩ። ለግል ነፃ ነው፤ ፖርት ሳያስከፍት በተመሰጠረ መስመር ያገናኛቸዋል። ሪሞት ዴስክቶፑ በዚያ ውስጥ ያልፋል።

ክሮም ሪሞት ዴስክቶፕ ሆም ላይም ይሠራል፣ ነፃ ነው፣ ከስልክም ይከፈታል። የጂሜይል አካውንትና ቢያንስ 6 አሃዝ ያለው ፒን ይበቃዋል። አሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ እናንተ ሐረር ሆናችሁ የምትሠሩትን ቤት ስክሪኑ ፊት የተቀመጠ ሁሉ ያያል። የደመወዝ ሉህ ከሆነ ያስቸግራል። የዊንዶውሱ ግን የቤቱን ስክሪን ይቆልፋል፤ ልጄ ጌም ላይ ሳለ ስገባበት ያኮረፈውም ለዚህ ነው።

ኤኒዴስክ? ለእርዳታ ጥሩ ነው፤ ፕሮግራሙ የሚያሳያችሁን ቁጥር ለምታውቁት ሰው ሰጥታችሁ ኮምፒውተራችሁን ያይላችኋል። ነፃው ለግል አገልግሎት ብቻ ስለሆነ የሱቅ ሒሳብ በሱ አትመሥርቱ።

ስለዚህ ሒሳብ የምትሠሩ ፕሮና ቴይልስኬል፣ አልፎ አልፎ ፋይል ለምታዩ ክሮም።

ገንዘብ የሚተርፋችሁ ከሆነ ለመብራቱ አውሉት። ዴስክቶፕ ባዮሱ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው ማስተካከያ) ውስጥ ገብታችሁ መብራት ሲመለስ በራሱ እንዲነሳ ታደርጉታላችሁ። ላፕቶፕ በባትሪው ትንሽ ይቆያል፤ ግን ራውተሩ ከጠፋ ምን ዋጋ አለው? ለራውተር ብቻ የምትሆን ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የምታቆይ) ግዙ። ቮልቱን ከራውተሩ ቻርጀር ጋር አመሳክሩ፤ 9 እና 12 ይለያያሉ። ኮምፒውተሩ እንዳይተኛ ማስተካከሉን ደግሞ ከመውጣታችሁ በፊት። እኔ ረስቼው ደንገጎን ሁለተኛ ወርጃለሁ።