ለኩበር ፒዲው መካኒክ ምስጋና፣ ከእኔና ከባለቤቴ

ባለፈው ግንቦት እኔና ባለቤቴ ከሜልበርን ተነሥተን፣ በአደላይድና በፖርት ኦገስታ አድርገን በስቱዋርት አውራ ጎዳና በአውስትራሊያ መሃል ወዳለው ታላቅ ቀይ አለት፣ ወደ ኡሉሩ፣ ስንጓዝ መኪናችን በረሃ ላይ ቆመች። ያነሡንን ሰው በአደባባይ ሳላመሰግን ብቀር ውለታ ቢስነት ይሆንብኛል። በዚያ መንገድ የሚያልፍ ወገን ሁሉ እንዲያውቃቸውም እፈልጋለሁ።

ባለቤቴ በወጣትነቱ በአሰብ መስመር ከባድ መኪና የነዳ ሰው ነው። የአፋርን ሙቀት ስለሚያውቅ በረሃ አያስፈራውም። የአውስትራሊያው በረሃ ግን ሌላ ነው። በአሰብ መንገድ ግመል የሚነዳ ሰው አይጠፋም። ከግሌንዳምቦ መንደር እስከ ኩበር ፒዲ ከተማ ግን ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ነዳጅ ማደያም ሆነ መንደር የለም፤ ስልክም አብዛኛውን መንገድ አይሠራም። ቀይ አፈርና ቁጥቋጦ ብቻ ነው። አልፎ አልፎ ከ50 ሜትር በላይ የሚረዝሙ ባለ ብዙ ተሳቢ መኪኖች ያልፋሉ፤ ነፋሳቸው የእኛን መኪና ከመስመሯ ሊያስወጣት ይደርሳል።

ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ የሙቀት መለኪያው መርፌ በድንገት ወደ ቀዩ ወጣ። ባለቤቴ ያለ አንዳች ማመንታት ሞተሩን አጥፍቶ መኪናዋን ዳር አስያዛት። የፊት ክዳኑ ሥር እንፋሎት ይትጎለጎል ነበር። የራዲያተሩ ጎማ ቱቦ ፈንድቶ ውሃው በሙሉ አስፋልቱ ላይ ፈስሷል። መኪናዋን ከጉዞው በፊት ሜልበርን ውስጥ አስፈትሸን ነበር፤ ቱቦዎቹ ተቀይረዋል ተብለንም ከፍለናል። ያንን ጋራዥ በስም አላነሣም።

ፖርት ኦገስታ ላይ አንድ ምክር ሰምተን ነበር፦ መኪና ቢቆምባችሁ ምንም ቢሆን ከመኪናው አትራቁ። በዚያ አገር በረሃ ላይ ብዙ ሰው የሞተው እርዳታ ፍለጋ በእግሩ ሲሄድ ነው። 40 ሊትር የመጠጥ ውሃ ይዘን ስለነበር ተቀምጠን ጠበቅን። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ቆሞልን በሳተላይት ስልኩ ኩበር ፒዲ ደወለ። ስሙን እንኳ ሳልጠይቀው ሄደ፤ እግዚአብሔር ይስጠው።

መካኒኩ የደረሱት ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። ዕድሜያቸው ወደ 60 የሚጠጋ፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። መጀመሪያ ያደረጉት ለመኪናዋ አልነበረም። እጄን ነክተው መብረዴን ሲያዩ ብርድ ልብስ አወጡልኝ፤ ግንቦት እዚያ የክረምት መግቢያ ስለሆነ ፀሐይዋ ስትጠልቅ ብርዱ አጥንት ይገባል። መኪናችንን በመኪናቸው ላይ ጭነው፣ ካንጋሮ በሚበዛበት በዚያ ሰዓት ቀስ ብለው እየነዱ ወደ ከተማ ወሰዱን።

በማግስቱ ጠዋት ጋራዡ ውስጥ ቆሜ ያየሁትን አልረሳውም። የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዘው በነጭ ጨርቅ ጠረጉና ጨርቁን ወደ ብርሃኑ አወጡት። «ውሃ ወደ ዘይቱ ቢገባ ወተት ይመስል ነበር» አሉ። ከዚያ ግፊቱን ለኩ። የፈነዳውን ቱቦ በካቻቢቴ ፈትተው አወጡና በአውራ ጣታቸው ሲጫኑት በበጋ እንደሚሰነጠቅ ዋልካ መሬት ተሰነጣጥቆ ታየ። ለባለቤቴ እያሳዩት «ሞተሩን ቶሎ በማጥፋትህ ቴስታው ተርፎልሃል» አሉት፤ ቴስታ የሞተሩ የላይኛው ክፍል ነው። የባለቤቴ ፊት ሲበራ ማየት ነበረባችሁ።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ስለዚህች ቅጽበት ነው። ቴስታው ተበላሽቷል ቢሉን እናምናቸው ነበር። ሌላ ጋራዥ ፍለጋ የምንሄድበት መኪና አልነበረንም፤ የጠየቁንን ሁሉ ከመክፈል ሌላ ምርጫም አልነበረንም። እርሳቸው ግን የጠየቁን የአንድ ቱቦ፣ የሁለት ማሰሪያና የማምጫውን ዋጋ ነው፤ እያንዳንዱን ለየብቻ በደረሰኙ ላይ ጽፈው ሰጡን። ትክክለኛው ቱቦ ከአደላይድ እስኪመጣ አንድ ቀን መቆየት ነበረብን። በአሮጌ ቱቦ ጠግነው እንዲለቁን ባለቤቴ ቢለምናቸውም «መንገድ ላይ ሁለተኛ እንድትቆሙ አልፈልግም» ብለው እምቢ አሉ።

በዚያች ቀን ከተማዋን አየን። ኩበር ፒዲ እ.ኤ.አ. ከ1915 ጀምሮ ኦፓል የሚባለው የከበረ ድንጋይ የሚወጣባት ናት። በጋው ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ ብዙ ሰው አለት ፈልፍሎ ከመሬት በታች ይኖራል። በነቢዩ ኤልያስ ስም አለት ውስጥ የታነጸ የሰርብ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንም አለ። ስገባ ግድግዳውን በእጄ ዳሰስኩት፤ ልቤ ላሊበላ ሄዶ እንባዬ መጣ።

ከመነሣታችን በፊት ጋራዡ ደጃፍ ላይ በትንሿ የጋዝ ምድጃ ቡና አፈላሁላቸው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ ሦስቱንም ጠጡ። ከዚያ ኡሉሩ በሰላም ደረስን። አለቱን መውጣት ከጥቅምት 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአገሩ ባለቤቶች በሆኑት በአናንጉ ፈቃድ ስለተዘጋ ዙሪያውን በእግራችን ዞርነው።

በዚያ መስመር የምትሄዱ ወገኖቼ፣ ኩበር ፒዲ ስትደርሱ መኪናችሁን እኚህን ሰው ሳታስፈትሹ አትለፉ። ስማቸው በአደባባይ እንዲወጣ ስላልፈለጉ አልጻፍኩትም፤ አድራሻቸውን ለሚፈልግ በግል እልካለሁ። በቅርቡ የሚሄድ ካለ ደግሞ አደራ፣ አስቀድሞ ይንገረኝ። ቆልቼ ያስቀመጥኩላቸው ሁለት ኪሎ የሐረር ቡና አለ።