ነባር መምህር ወይስ አዲስ መምህር? ለየትኛው ክፍል የትኛው?

የክፍል ድልድል ሲሠራ ይህ ጥያቄ አይቀርም።

የተማሪን ስህተት ቀድሞ ማወቅ። ትልቁ ልዩነት እዚህ ላይ ነው። ክፍልፋይ ሲደመር ብዙ ተማሪ ላዩን ከላይ፣ ታቹን ከታች ደምሮ 1/2 + 1/3 = 2/5 ይላል።
ነባሩ፦ ስህተቱን ስለሚጠብቀው ገና ከጅምሩ «2/5 ከግማሽ ያንሳል፤ ግማሽ ላይ ጨምረን እንዴት አነሰ?» ብሎ ይጠይቃል።
አዲሱ፦ ብዙ ጊዜ የሚያየው ደብተር ሲያርም ነው፤ ያኔ ልማድ ሆኗል።

ክፍል መያዝ።
ነባሩ፦ ማስተማሩን ሳያቋርጥ የሚረብሸው ልጅ አጠገብ ሄዶ ይቆማል።
አዲሱ፦ ከሰሌዳው ሥር ሆኖ ስም ይጠራል፤ የሁሉም ሐሳብ ይበተናል።

ወጪ። የነባሩ ደመወዝ ከፍ ይላል። የአዲሱ ዝቅ ቢልም የሚደግፈው መምህር ሰዓት ይፈልጋል፤ ይህ በጀት ላይ ስለማይታይ ይረሳል።

ቴክኖሎጂ። አብዛኛውን ጊዜ አዲሱ ይቀድማል።

ስጋት። ነባሩ ሥርዓተ ትምህርቱ ተለውጦም በአሮጌ ማስታወሻው ሊቀጥል ይችላል። አዲሱ ድጋፍ ካጣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሥራውን ሊለቅ ይችላል።

ፊደል ለሚቆጥሩ ሕፃናት፣ ወደ ኋላ ለቀሩና ለሚያስቸግሩ ክፍሎች ነባሩን መመደብ ይሻላል። አስቸጋሪውን ክፍል ለአዲስ መምህር መስጠት በጣም የተለመደ ነው፤ ልጆቹንም መምህሩንም ይጎዳል። አዲስ ለተካተተ ይዘት ወይም በኮምፒውተር ለሚሰጥ ትምህርት አዲሱ ይመቻል። ሁለቱም ካሉ አንድ የክፍል ደረጃ ያስተምሩ፤ አዲሱ ቢያንስ በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ የነባሩ ክፍል ገብቶ እንዲመለከት የሰዓት ድልድሉ ላይ ቦታ ይያዝለት።