የልጄን ትንፋሽ ለቆጠረችልን ሲስተር

ሐዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ ያላችሁ እናቶች፣ ይህን አንብቡልኝ። ስለ አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ነው። ሰፈሩ «ሲስተር» እያለ ነው የሚጠራት። «ስሜን እንዳትጽፊ» ስላለችኝ አልጽፍም። ውለታዋን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ሐምሌ ላይ ነው። የ9 ወር ልጄ ማሳል ከጀመረ 4 ቀን ሆኖታል። ጎረቤቶቼ «ምች ነው» ሲሉኝ ዳማከሴ አሸሁለት። አንዲት ዘመዳችን «እንጥሉ ወርዶ ነው፣ ይቆረጥ» አለች። አንድ ፋርማሲ ደግሞ ልጁን እንኳ ሳያዩት የሳል ሽሮፕ ሸጡልኝ።

በዚያው ቀን ሲስተር ቤት ለቤት እየዞረች ነበር። ሳሉን ከበር ሰምታ ገባች። ጡት ሰጥቼው እስኪረጋጋ ጠበቀች። ከዚያ ልብሱን ገልጣ፣ ስልኳን እያየች፣ አንድ ደቂቃ ሙሉ ትንፋሹን ቆጠረች። 58!

«ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ላለ ልጅ 50ና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው። ዓመት ካለፈው ደግሞ እስከ 5 ዓመቱ ፈጣን ለመባል 40 ይበቃል። ይሄ የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል፤ በዳማከሴ አይድንም» አለችኝ። ባጃጅ ጠርታ እስከ ጤና ጣቢያ አብራን ሄደች። እንዳለችውም ሆነ። በውሃ የሚሟሟ አሞክሲሲሊን ታዘዘለት፣ በቀን 2 ጊዜ ለ5 ቀን። በ3ኛው ቀን ቤት መጥታ እንደገና ቆጠረች። 38። እኔ አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ ነው ቁጭ ብላ ያስረዳችኝ። አልተቆጣችኝም። ክረምት ስለሆነ ከሰሉን የማያይዘው ቤት ውስጥ ነበር። ልጄን አዝዬ ወጥ እሠራለሁ፣ ቡና አፈላለሁ። ለካ ያ ጭስ የትንሽ ልጅ ሳንባ በሽታን እንዳይቋቋም ያዳክመዋል። እሱ ጀርባዬ ላይ ሆኖ ስንት ወር ሙሉ ሲምገው ኖሯል! አሁን ባለቤቴ በረንዳው ጎን በቆርቆሮ ከለል አድርጎልኛል። እዚያ ነው የምሠራው።

የክትባት ካርዱንም አየች። የሳንባ ምች መከላከያው በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ነው የሚሰጠው። አገራችን ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ እየሰጠችው ነው። እኔ ግን ለለቅሶ ገጠር ሄጄ 3ኛውን ዙር አሳልፌ ነበር። ሲሻለው እሱንም፣ የ9 ወሩን የኩፍኝ ክትባትም አስከተብኩት። ኩፍኝ ራሱ ለሳንባ ምች ያጋልጣል አለችኝ። በአንድ ክፍል 5 ሆነን መተኛታችን፣ 6 ወር ሳይሞላው ሌላ ነገር ማስቀመሴም አንዱ ምክንያት ነው። ክፍሉን ለጊዜው መቀየር አልቻልንም። መስኮቱን ግን እንከፍታለን።

ልጃችሁ ካሳለ ትንፋሹን ቁጠሩ። ሲተነፍስ ከጎድኑ ሥር ወደ ውስጥ ከገባ፣ ወይም ጡት እምቢ ካለ፣ ማንንም ሳትጠብቁ ወደ ጤና ተቋም ሩጡ። የሰፈራችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ የማታውቋት ቀበሌ ጠይቁ። ስትመጣ በር ክፈቱላት።

ሲስተርዬ፣ እድሜና ጤና ይስጥልኝ። ቅዳሜ ቡና እጠራሻለሁ። የሚፈላው ውጭ ነው።