ምስጋና፦ ለሆትስፖታችን ትክክለኛውን ፓወር ለመረጠልን የደሴ ባለሙያ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ሞባይልና ኤሌክትሮኒክስ የሚጠግነው ወንድማችን እጁ ይባረክ። ስሙ እንዲወጣ አልፈለገም። ደሴና ኮምቦልቻ ሆናችሁ ፈቃድ አውጥታችሁ ዲኤምአር (ዲጂታል የሬዲዮ ግንኙነት) የምትሠሩ የሬዲዮ አማተሮች ግን ሥራውን ብታውቁት ይጠቅማችኋል።

ሆትስፖቱ፣ ማለትም የእጅ ሬዲዮን በኢንተርኔት ከዲኤምአር መረብ ጋር የሚያገናኘው ትንሽ መሣሪያ፣ ራዝቤሪ ፓይ 3 የሚባል ትንሽ ኮምፒውተር ላይ የተሰካ ኤምኤምዲቪኤም (የሬዲዮ ሞደም) ቦርድ ነው። በየሰዓቱ ራሱን አጥፍቶ ይነሳል፣ ዋይፋዩ ይቆረጣል፣ በመጨረሻም ሚሞሪ ካርዱ ተበላሸ። እንዲህ ሲሆን ብዙ ሰው ሶፍትዌር ሲጭን ይውላል። እሱ ቴስተሩን ነው ያነሳው። ቻርጀሩን ብቻውን ለካ፤ 5.1 ቮልት፣ ደህና ነው። ሆትስፖቱ እየሠራ ፓይ ላይ ፒን 2 (5 ቮልት) እና ፒን 6ን (ግራውንድ) ሲለካ ከ4.6 በታች ወርዷል።

ጥፋቱ የኬብሉ ነበር። ልጦ ሲያሳየን ውስጡ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ጥቂት ክሮች ናቸው። ባለ 28 ኤደብልዩጂ (የሽቦ ውፍረት መለኪያ) ሽቦ በሜትር 0.21 ኦም ገደማ አለው፤ የአንድ ሜትር ኬብል መሄጃና መመለሻው ሲደመር 0.43 ይጠጋል። አንድ አምፔር ሲያልፍበት 0.43 ቮልት እዚያው ይቀራል። ፓይ 3 ከ4.63 ቮልት ሲወርድ ቀዩ የፓወር መብራቱ ይጠፋል፤ ብልጭ ድርግም ሲል ካያችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው። የራዝቤሪ ፓይ ዜሮ ቤተሰብ ይህን አይናገርም፣ እሱን በቴስተር ብቻ ነው የምታውቁት። ባለ 20 ኤደብልዩጂ ኬብል በዚያው ርዝመት የሚያባክነው 0.07 ቮልት ገደማ ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ሽቦው ይወፍራል። ኬብሉ ላይ ሁለት ቁጥር ከተጻፈ፣ «2ሲ» (2C) አጠገብ ያለው የፓወሩ ነው።

ቻርጀር ስትገዙ ትልቁን የዋት ቁጥር አትመኑ። ፈጣን ቻርጀር ያንን ዋት የሚሰጠው ብዙ ጊዜ በ9 ወይም በ12 ቮልት ነው፤ ፓይ 3 የሚወስደው ግን 5 ቮልት ብቻ ነው። ጀርባው ላይ ከ5 ቮልት ጎን የተጻፈውን አምፔር አንብቡ። ለፓይ 3 እና ለዜሮ 2 ደብልዩ 2.5 አምፔር፣ ለፓይ 4 ደግሞ 3 አምፔር ይበቃል። የቲቪ ወይም የራውተር ዩኤስቢ ቀዳዳ ላይ አትሰኩት።

መብራት ሄድ መጣ ለሚልባችሁ ደግሞ ፓወር ባንክ አይመክርም። ብዙዎቹ ከመብራት ወደ ባትሪ ሲዞሩ ለቅጽበት ይቋረጣሉ፤ ለፓይ ያቺ ቅጽበት በቂ ናት። የሠራልን በ12 ቮልት ባትሪና ቮልት በሚቀንስ ኤልኤም2596 ሞጁል ነው። ፓይን ሳያገናኝ መጀመሪያ ሞጁሉን በቴስተር 5.1 ላይ አስተካከለው፤ ካርቶን ውስጥ እንደመጣ ቢሰካ ከፍ ያለ ቮልት ሰጥቶ ፓዩን ሊያቃጥል ይችላል። ሞጁሉ 3 አምፔር ተብሎ ይሸጣል፤ ሂትሲንክ (ሙቀት የሚያስወጣ ብረት) ከሌለው ግን ከ2 በላይ አትጫኑት። ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብም 3 አምፔር ፊውዝ አስገብቷል፣ ይህቺን ብዙ ሰው ይዘላታል።

ሥራው ንጹሕ ነው፣ ያልተበላሸ ነገር ቀይሮ አያስከፍልም። ክበርልን ወንድማችን! ወደ እሱ ስትሄዱ ሆትስፖቱን ከነቻርጀሩና ከነኬብሉ ያዙ፤ እየሠራ ካልተለካ ችግሩ አይታይም።