አባዬን በክብር ለያዙልን የአዳማዋ ሲስተር፤ ምስጋናና ጥቆማ

አዳማ ውስጥ አንድ ቤት አለ። ባለቤቷ ለረጅም ዓመታት በነርስነት ሠርተው ጡረታ የወጡ እናት ናቸው። ሁላችንም ሲስተር ነው የምንላቸው። የመርሳት በሽታ ያለባቸውን ጥቂት አረጋውያን በግቢያቸው አሳድረው ይንከባከባሉ። አባታችን እዚያ ከገባ ዓመት አልፎታል። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለለመኑኝ አልጽፍም። ምስጋናዬን ግን በአደባባይ ማቅረብ አለብኝ። የዋሉልን ውለታ በጓዳ የሚቀር አይደለም።

አባዬ የወንጂ ሰው ነው። ትውልዱ ከምባታ ነው። በንጉሡ ዘመን ማብቂያ፣ ገና ጎረምሳ ሳለ፣ እንደ ብዙ የአገሩ ልጆች ሸንኮራ ሊቆርጥ ወንጂ መጣ። ያኔ የስኳር ፋብሪካው በሆላንዶቹ ኩባንያ በኤች ቪ ኤ እጅ ነበር። በ1967 ዓ.ም ሲወረስም እዚያው ነበር። ከእርሻው ወደ ፋብሪካው ገባ። በፈረቃ ሠርቶ አራት ልጆች አስተማረ። ጡረታ ሲወጣ አዳማ ላይ ጎጆ ቀለሰ። ይህን ሁሉ የማወራው ምክንያት አለኝ። ሲስተር አባዬን ሊይዙት የቻሉት መጀመሪያ ይህን ሁሉ ስለጠየቁን ነው።

በሽታው ቀስ ብሎ ነው የመጣው። በአንድ ምሽት አንዱን ጥያቄ ደጋግሞ ይጠይቃል። ገንዘብ ይደብቅና የደበቀበትን ይረሳል። ከዚያ "ሰረቃችሁኝ" ብሎ ይቆጣል። ጎረቤት "ጃጅቷል፣ የዕድሜ ነገር ነው፣ ተዉት" ይለናል። ሐኪሙ ግን እንዲህ በቀላሉ አልተወውም። ታይሮይዱንና ቫይታሚን ቢ12ቱን አስመረመረ። የእነዚህ ማነስም መርሳት ያመጣል፣ እሱ ደግሞ ይታከማል። የጭንቅላት ምስልም አስነሳው። በመጨረሻ አልዛይመር መሆኑን ነገረን። ከመርሳት በሽታዎች ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነው እሱ ነው። የሚያድን መድኃኒት የለውም። ያኔ ለቤተሰብ የሚቀረው አያያዙን ማሳመር ነው።

ከሁሉ የከበደን ሌሊቱ ነው። አባዬ በውድቅት ይነሳና ይለብሳል። ጫማውን አስሮ "ፈረቃ ደርሷል" ይላል። በሩ ተቆልፎ ካገኘው ይደበድበዋል። አብራው የምትኖረው ታናሽ እህቴ ቀን ሥራ አለባት፣ ሌሊት እንቅልፍ የላትም። ከስታ ሌላ ሰው መሰለች። አንድ ቀን ማታ ሳናየው ወጥቶ የወንጂን መንገድ ተያያዘው። የሚያውቀው ባጃጅ ሹፌር አግኝቶ መለሰልን። ይህን ልጅም እግዜር ይስጠው።

ከዚያ በኋላ ነው አራታችን የተመካከርነው። ደቡብ አፍሪካ ያለው ወንድማችን "እኔ ወጪውን እጋራለሁ፣ እናንተ ቦታ ፈልጉ" አለ። ዘመድ አዝማዱ ግን ተነሳብን። "አባታቸውን አውጥተው ጣሉት" ተባልን። ይህ ቃል ያማል። ዛሬ እንዲህ የሚባል ሰው ይህን እያነበበ ከሆነ አንድ ነገር ልንገረው። ሌሊቱን ሙሉ የሚጠብቀው ሰው የሌለው አባት በገዛ ቤቱም ብቻውን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2021 እ.ኤ.አ. የመርሳት በሽታ ያለበት ሰው በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ደርሶ ነበር። ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ያሉት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። የእኛም አገር አንዷ ናት። እኛ ግን ዛሬም በሹክሹክታ ነው የምናወራው።

መጀመሪያ ያስገባነው ሌላ ቦታ ነበር። ስሙን አልጠራም። ወለሉ ሴራሚክ ነው፣ ያብረቀርቃል፣ ትልቅ ቴሌቪዥን አለው። ግን በሄድን ቁጥር አባዬ ተኝቷል። ቀን ነው፣ ፀሐይ ነው፣ እሱ ግን ተኝቷል። ስንጠይቅ "እንዳያስቸግር የሚያረጋጋ ኪኒን ሰጥተነው ነው" አሉን። ሳይነግሩ መጎብኘትም አይቻልም። ሲነሳ እግሩ ይንገዳገዳል። ቶሎ አወጣነው።

ሲስተርን የጠቆመችን ወንጂ አብራን ያደገች ጎረቤት ናት። መጀመሪያ ቀን ስንሄድ ስለ ክፍያ ይነግሩናል ብለን ነበር። እሳቸው ደብተር አውጥተው አባዬን ይጠይቁን ጀመር። ምን ሥራ ሠራ? በስንት ሰዓት ነበር የሚነሳው? ማን ብለው ሲጠሩት ደስ ይለዋል? ምን ያስደነግጠዋል? ማን ሞቶበታል? ሲታመም የሚያምረው ምግብ ምንድን ነው? ስለ በሽታው የጠየቁት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

የወንጂ ሰው መሆኑን ሲሰሙ ቀና ብለው ጥርሱንና አንገቱን አዩ። ወንጂ የኖረ ያውቀዋል። የጉድጓዱ ውኃ ፍሎራይድ ይበዛበት ነበር። ብዙ ሰው ጥርሱ ቡናማ ሆኗል። ለብዙ ዓመት የጠጣው ደግሞ አጥንቱ ይደርቅና አንገቱና ወገቡ አልታጠፍ ይላል። አባዬም እንደዚያ ነው። ሲስተር ለሠራተኞቻቸው ወዲያው አስረዱ። "አንገቱን አታዙሩት፣ ከአልጋ ስታነሱት መላ ሰውነቱን በአንድ ላይ አዙሩት" አሏቸው። ስንት ሰው እያነሳና እያጠበ አሳምሞት ኖሯል! እንደሚያመው መናገር ስለማይችል ይጮሃል፣ ሲጮህ "ተናዳጅ ነው" ይባላል። ሕመሙን ያየለት ሰው አልነበረም።

ሌሊቱን እንዴት እንደያዙት ደግሞ ስሙ። እዚያ አንድ ወጣት የሌሊት ተረኛ አለ። አባዬ ተነስቶ ለፈረቃ ሲለብስ ልጁ አይከራከረውም። "ጡረታ ወጥተዋል፣ ፋብሪካው የለም" አይለውም። "አባባ፣ የዛሬው ፈረቃ የእኔ ነው፣ እርስዎ ነገ ነው የሚገቡት" ይለዋል። ከዚያ በግቢው ውስጥ አብሮት ይዞራል። ለስለስ ያለ ሻይ ይሰጠዋል። አባዬ ስለ ሥራው ያወራለታል፣ ልጁም ይሰማዋል። ብዙም ሳይቆይ ይተኛል። ለእንቅልፍ ተብሎ የሚሰጠው ኪኒን የለም።

አንዳንድ ሰው "ይሄ መዋሸት ነው" ይላል። እኔ አይመስለኝም። እናታችን ካረፈች ቆይታለች። አባዬ ግን "የት ሄደች?" ብሎ ይጠይቃል። በጠየቀ ቁጥር "ሞታለች" ከተባለ መርዶውን እንደ አዲስ ይሰማዋል፣ እንደ አዲስ ያለቅሳል። ለሰውዬው ይህ ምን ይጠቅመዋል? ሲስተር "ናፈቀችዎት አይደል? እስቲ ስለ እሷ ይንገሩኝ" ይሉታል። እሱም ያወራል። ስለ ሠርጋቸው፣ ስለ መጀመሪያ ልጃቸው። ፊቱ ይፈታል።

አሁን ከሁሉ በላይ ልቤን ወደነካው ነገር ልምጣ። አባዬ አማርኛው እየጠፋው ነበር። ዕድሜ ልኩን ሲያወራው የኖረው አማርኛ ማለት ነው። ቀስ በቀስ አብዛኛውን ጊዜ በልጅነት ቋንቋው፣ በከምባትኛ መናገር ጀመረ። በዚህ በሽታ ኋላ የተማሩት ቋንቋ ቀድሞ የመሄዱ ነገር የተለመደ ነው። እኛ ልጆቹ ወንጂ ነው ያደግነው። ከሰላምታ ያለፈ ከምባትኛ አናውቅም። "ውኃ ስጡኝ" እያለ እንኳ ይሁን፣ "አመመኝ" እያለ፣ አይገባንም ነበር። ሲስተር ይህን ሲረዱ የቤታቸውን ምግብ አብሳይ ጠሩ። ከምባታ ውስጥ የዱራሜ አካባቢ ልጅ ናት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ምሳውን የምታበላው እሷ ናት። ቆጮም ትሠራለታለች፣ በደንብ አለስልሳ። በከምባትኛ ያወራሉ፣ ይሳሳቃሉ። በከምባትኛ መዝሙር ስትጀምርለት ይቀበላታል። የልጆቹን ስም የረሳ ሰው የመዝሙሩን ግጥም አይስትም። የሚፈልጋቸው ነገሮች በከምባትኛ ምን እንደሚባሉ ወረቀት ላይ ጽፋ ለሁሉም ሠራተኛ ሰጥታለች። ይህን አድርጊ ብሎ ያዘዛት የለም። እህቴ፣ እግዚአብሔር ያክብርሽ፣ ብድርሽን እሱ ይክፈልሽ።

አንድ ሌላ ነገርም ልጨምር፣ ሌላ ቤተሰብን ሊጠቅም ይችላል። በበጋው ሙቀት አባዬ በአንድ ቀን ውስጥ ተለወጠ። ድብዝዝ አለ፣ ምግብ እምቢ አለ፣ የሌለ ሰው ያይ ጀመር። እኛ "በሽታው ባሰበት፣ በቃ" ብለን ተሰበሰብን። ሲስተር ግን "መርሳት በአንድ ሌሊት እንዲህ አይብስም፣ ሌላ ነገር አለ" ብለው ወዲያው ሐኪም ቤት ወሰዱት። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሆኖ ተገኘ፤ ውኃም አንሶት ነበር። ታከመና ወደ ቀድሞው ተመለሰ። ሽማግሌ ሰው ሰውነቱ ውኃ ቢያንሰውም ጥማቱ ብዙ አይሰማውም። የአዳማን ሙቀት ደግሞ ታውቁታላችሁ። ከዚያ ወዲህ ሳይጠይቅ በየሰዓቱ ጥቂት ጥቂት ያጠጡታል።

ገላውን የሚያጥበው ወንድ ነው። አባዬ ሴት እንድታጥበው አይፈልግም፣ ያፍራል፤ እፍረቱን አከበሩለት። ሲበላ ቀና ብሎ ይቀመጣል፣ ከበላ በኋላም ወዲያው አያስተኙትም፣ ምግቡ ወደ ሳንባው እንዳይሄድ ነው። ክብደቱን በየወሩ ይመዝናሉ፣ ይጽፋሉ፣ ያሳዩናል።

ቤቱ ጉድለት የለውም አልልም። ቅያሱ አስፋልት አይደለም፣ ክረምት ላይ ባጃጅ "አልገባም" ይላል። የእንግዳ መቀበያው ጠባብ ነው። ክፍያውም ቀላል አይደለም፣ እኛ አራት ሆነን ነው የምንከፍለው። ኦክሲጅን ወይም የሆስፒታል ክትትል የሚያስፈልገውን ሰው አይቀበሉም፣ ይህን ገና ከመጀመሪያው በግልጽ ይነግሯችኋል። ጧሪ ለሌላቸውና መክፈል ለማይችሉ እንደ መቄዶንያ ያሉ የበጎ አድራጎት ማዕከላት አሉ። ሲስተርም ሰው ሲመጣባቸው ወደዚያ ይጠቁማሉ።

ሌላ ቤት የምታዩም ብትሆኑ ምክሬን ስሙኝ። ሳትናገሩ ሂዱ፣ በተለይ አመሻሽ ላይ። መርሳት ያለበት ሰው የሚረበሸው ብዙ ጊዜ ፀሐይ ስትጠልቅ ነው፤ ቤቱ የሚታወቀውም ያኔ ነው። አረጋውያኑ ነቅተው ከሆነ እዩ። ሠራተኞቹ ሲያነጋግሯቸው ዝቅ ብለው ዓይን ዓይናቸውን እያዩ ነው ወይስ ከኋላ እየጮኹ? ማታ ስንት ሰው እንደሚያድር ጠይቁ። ምን ኪኒን፣ ለምን፣ ማን እንዳዘዘው በጽሑፍ እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ። ሽንት ቤቱን ግቡና እዩት፣ ተደግፈው የሚይዙት ብረት አለው ወይ? ሰው በወንበር ወይም በአልጋ ታስሮ ካያችሁ ደግሞ ሳትጨርሱ ውጡ። ስለ አባታችሁ ምንም የማይጠይቃችሁን ቤት እኔ አላምነውም።

ሲስተር፣ የሌሊቱ ተረኛ ወንድማችን፣ እናንተም የቀን ሠራተኞች፣ ከልብ እናመሰግናለን። እህቴ ሌሊት መተኛት ጀምራለች። ቅዳሜ ቅዳሜ አባዬን ለማየት ስትሄድ ደስ ብሏት ነው።

አድራሻውን ለሚፈልግ ሰው በውስጥ መስመር እሰጣለሁ። ቦታው ጥቂት ሰው ብቻ ስለሚይዝ ወረፋ ሊኖር ይችላል። ስትሄዱ የሐኪም ማስረጃና ታማሚው የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ያዙ። የቆየ ፎቶ ካላችሁም ይዛችሁ ሂዱ፣ ሲስተር መጠየቃቸው አይቀርም።